የዚያን ጠዋት ፊርማ

ጥቅምት 8 ቀን

ለእታለም፣ አክስት ሆነሽ እንደ እናት ላሳደግሽን፤

ለጉልበትሽ፣ ለወገብሽ፣ ለዚያ ነገረኛ ራስ ምታትሽም ሰላምታዬ በተራ በተራ ይድረስ። ፈጣሪ ሦስቱንም ያስታግስልሽ። እኛ ደህና ነን። ሌላ ቃል እስካገኝለት ነው ደህና የምለው፤ ታላቄን ጋሼን ከቀበርን ሦስት ወር ሊሞላ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ «መሳቅ፣ ማውራት፣ መተኛት ክልክል ነው» ይላል። መሳቅን ያስቀደሙት እኔ እንደምመጣ ሰምተው መሆን አለበት። አጠገቤ እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ፋይሏን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ትንሿን ጎረቤት ጥለናት መጣን። ልጅቷ «ስለ አባቷ ፍርድ ቤት ሄዱ» ሲባል እየሰማች አባቷ እዚህ የሚሠራ መስሏታል። ዛሬ ጠዋት «ሲወጣ ይዛችሁት ኑ» አለችን። እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ጫማዬ ክር እንደሌለው ኋላ ነው ያየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ በራሷና በልጅቷ ስም የሕንፃ ሥራ ድርጅቱን ከሳለች። ሲጨመቅ «በቸልተኝነታችሁ ባሌ ሞተ፣ ካሳ ክፈሉ» ነው፤ ጠበቃው ሲጽፈው ግን አሥራ አንድ ገጽ ወጣው። ድርጅቱም መልስ አስገብቷል። ሲሚንቶና ብሎኬት ወደ ላይ የሚጎትተውን ማንሻ በየጠዋቱ አይቶ መዝገብ ላይ መፈረም የጋሼ ሥራ እንደነበር ታውቂያለሽ። መስመሩ ባዶ ከሆነ ሞተሪስቱ ሞተሩን አያስነሳም። ድርጅቱ የሚለው ታዲያ «የዚያን ጠዋት ሟቹ ራሱ ገመዱ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል፤ ኋላም ክልክል መሆኑን እያወቀ ከተንጠለጠለ ዕቃ ሥር ገብቷል፤ ጥፋቱ የራሱ ነው» ነው። ዳኛው ይህን ከተቀበሉ ካሳው ወይ ይቀራል ወይ ይገመሳል።

እኔ ያው እዚያው የድርጅቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ምስማር ስቆጥር ነበር። ምስማር ቆጣሪ ምን ያውቃል።

ጠበቃው «ሟቹ ስለ ገመዱ ለሰው የጻፈው ነገር የለም ወይ?» አለ። እትዬ ክንዴን ጎሸም አድርጋ «ለእታለም ይጽፍላት ነበር፣ አሁኑኑ ጻፍላት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። እስኪ ፈልጊ። ለሰነድ ኮፒና ለማኅተም የሚሆን ትንሽ ነገር ቢኖርሽ ደግሞ አንጠላም።

እጅሽን የምስመው፣ ያንቺው ቀልማዳ


ጥቅምት 29 ቀን

ለልጄ ለቀልማዳው፤

እግዚአብሔር አንተንም፣ ያቺን ምስኪን ሚስቱንም፣ ትንሿንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ስለሆነ ጠርዙ ረጥቦ ተጠቀለለ።

ሰው አገር ሆኜ በቀብሩ አልነበርኩም። ይህንን ለማንም አላወራም፤ ለአንተ ግን እጽፈዋለሁ። የሆስፒታል አንሶላ ነው የምናጥበው። በዚያ ሰሞን ነጭ ጨርቅ ባነሳሁ ቁጥር የእሱ ይመስለኝ ነበር።

ለኮፒው የሚሆን ልኬያለሁ፤ ሚስቱ እጅ ስጥ።

የጠየቅኸኝ ደብዳቤ አለ። ካረፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው እጄ የገባው። መርዶውን ሰምቼ፣ ለቅሶ ተቀምጬ፣ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ የእሱ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ መጣ። ከፍቼ እስክጨርሰው ድረስ በሕይወት ያለ መሰለኝ። ከአደጋው በፊት ባለው ቀን ከሥራ ሲወጣ የጻፈው ነው፤ ፖስታው ላይም የዚያው ቀን ማኅተም አለበት። ይህን ይላል፦

«እታለም፣ የማንሻው ገመድ ክሮቹ እየተበጠሱ ነው። በጣቴ ቆጠርኳቸው። ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፣ ፎርማኑ እስከ ወር መጨረሻ ያገለግላል ይላል። ነገ ጠዋት አልፈርምም። መስመሩን ባዶ ትቼ ዋናው ቢሮ ሄጄ ገመድ ሳላስፈቅድ አልመለስም። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን አልፈርምም ያለ ሰው በማግስቱ እንዴት ፈረመ? አንተ እዚያ ነበርክ። ሲፈርም ያየው ማን ነው? በስንት ሰዓት? ጻፍልኝ። ደብዳቤውን በሰው እጅ ልልከው ነው።

ጤና ይስጥህ፣ አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለእታለም፣ ለአንሶላዎች ሁሉ ንግሥት፤

ሰላምታዬ እንደ እንፋሎቱ ይክበብሽ! እንዴት ነሽ? እኔ ወፍሬያለሁ። ጎረቤት ሁሉ «ሐዘን ተስማማህ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ችሎት ውለን መጣን። የድርጅቱን ጠበቃ ብታዪው! ክራቫቱ ሆዱ ላይ ስለማይረጋ በየዐረፍተ ነገሩ መሃል ይመልሰዋል። «ክቡር ፍርድ ቤት» ይልና ወደ ቀኝ፣ «ሟቹ በገዛ እጁ» ይልና ወደ ግራ። ክራቫቱን ስቆጥር ክርክሩ አመለጠኝ። ሞተሪስቱ መሰከረ፤ «መዝገቡ ተፈርሞ አየሁ፣ ሞተሬን አስነሳሁ፣ ሌላ አላውቅም» አለ። መሐላ ሲያስምሉት እጁን በስህተት ግራውን አነሳና ዳኛው «ቀኙን» ሲሉት ሁለቱንም አነሳ፤ የተያዘ ሌባ መሰለ። ፎርማኑ ደግሞ «ሟቹ ጠዋት ፈርሞ ነው የወጣው» አለ። ሲናገር ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር አለ፤ ትልቅ ነው፤ ሊጸዳ ይገባል።

ደብዳቤውን በተመለከተ አትቸኩይ። ጠበቃው ለጊዜው አያስፈልግም ብሏል፤ እንዲያውም ነገር ያወሳስባል። በሰው እጅ ደግሞ ይጠፋል። የኛ ሰው ፖስታ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው መክፈት ነው። እዚያው ይቀመጥ።

ይልቅ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ከዚህ ሩቅ ከተማ ሥራ ተገኝቷል። ለመሳፈሪያ የሚሆን ብትልኪልኝ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት እሄዳለሁ። እኔ ለምስክርነትም አልተቆጠርኩ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?

ትንሿ ስማሻለች። ጥርሷ ወልቋል፤ «ካሳ ይከፈለኝ» እንድትል አስተምሬያታለሁ። እትዬ አልሳቀችም።

ያንቺው፣ ቀልማዳው


ታኅሣሥ 22 ቀን

ልጄ፤

ፈጣሪ ልብህን ያሳርፍልህ። ዘግይቼ የጻፍኩት ስለታመምኩ አይደለም።

የመጨረሻ ደብዳቤህን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ጨዋታው በዛ። ትንሽ ልጅ ሆነህ አንድ ነገር ሰብረህ ስትደብቅ ቤቱን በሳቅ ትሞላው ነበር፤ እኔም ሳቁ ሲበዛ ተነስቼ ሳህን እቆጥር ነበር።

የአራተኛ ክፍል ውጤትህን በእኔ ፊርማ ፈርመህ እንደመለስክ አውቅ ነበር። አስተማሪው ጠርቶ አሳየኝ። ከራሴ ይልቅ አሳምረህ ስለፈረምክልኝ ሳቅሁና «የኔ ነው» አልኩት። ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም። የቤቱን ሰው ሁሉ ፊርማ ታውቅ ነበር። የወንድምህንም።

የመሳፈሪያ ገንዘብ አልላክሁም። አልልክምም።

አንድ ነገር ላውራህ። አንሶላ የምንተኩስበት ማሽን ሁለት ትልልቅ በርሜል ነው፤ ጨርቁን ይስባል። ፊት ለፊቱ ቀይ ገመድ ተዘርግታለች፤ የሰው እጅ ከገባ እሷን መሳብ ነው፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ባለፈው ዓመት ጨርቅ በነካት ቁጥር እየቆመ ሥራ አስፈታን ብላ አንዷ በላስቲክ አሰረቻት። ሁላችንም አየን። ማንም አልፈታም። እኔም አልፈታሁም። እስከ ዛሬ የማንም እጅ አልገባም፤ ዕድል ነው እንጂ እኛ ደጎች ሆነን አይደለም። ይህን ሳስብ አድሬ በማግስቱ ሄጄ ፈታሁት። አለቃዬ ተቆጣች።

መዝገቡን ማን ፈረመ?

አክስትህ


ጥር 3 ቀን

እታለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

እኔ ነኝ።

ጋሼ እንዳለሽ አልፈረመም። ጠዋት መዝገቡን ከፈተ፣ ገመዱን አየ፣ መዝገቡን ዘጋና ዋናው ቢሮ ሄደ። ሲወጣ በዕቃ ቤቱ መስኮት «ዛሬ ምንም አታውጣ፣ ማንሻው አይሠራም» አለኝ። እኔ «እሺ የማንሻው ጌታ» አልኩት። የመጨረሻ ያልኩት እሱን ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ፎርማኑ መዝገቡን ይዞ መጣ። ሁለት መኪና ብሎኬት ደርሶ ቆሟል፣ አርባ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ወንድምህ ዛሬ ራሱን ሊያስባርር ነው የፈለገው፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይመጣ ይህችን መስመር ካልሞላናት ማታ ከሥራ ውጪ ነው። አንተ የእሱን ትችላለህ አይደል?» አለኝ። እችላለሁ። ሁሉም እንደምችል ያውቃል። ሻይ ቤት ውስጥ የፎርማኑን፣ የሒሳብ ሹሙን፣ የማንንም ፊርማ ናፕኪን ላይ እየሠራሁ ሰው አስቃለሁ። ጋሼም አንዳንድ ቀን እጁ ግራሶ ሲሆን ገመዱን አይቶ «ፈርምልኝ» ይለኝ ነበር። ግን እያየ ነበር። እሱ ሳያይ ፈርሜ አላውቅም።

ወንድሜን ከመባረር ያዳንኩት መስሎኝ ፈረምኩ። እንዲያውም እያፏጨሁ።

ጋሼ ከቢሮ ሲመለስ ማንሻው ሙሉ ብሎኬት ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ሲሚንቶ ያቦካሉ። ሲጮህ በዕቃ ቤቱ መስኮት ሰማሁት። ሁለቱን ገፍቶ አስወጣቸው። ማጥፊያው ከሥር ነበር፤ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ አልጽፍም።

መስመሩ ባዶ ቢሆን ሞተሪስቱ አያስነሳም ነበር። ይህንን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት ልነግርሽ አልችልም።

አሁን ጠበቃው እንዳለው ሙግቱ ሁሉ ያቺ ፊርማ ላይ ነው። ከተናገርኩ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ እስር አለው። እሱን ተይው። እትዬ ምን ትለኛለች? ትንሿ በየማታው ትከሻዬ ላይ ነው የምትተኛው። ዝም ካልኩ ግን ጋሼ እንደፈረመ ሆኖ ይቀራል።

አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ። «ዝም በል» ካልሽኝ ዝም እላለሁ። እባክሽ አንድ ነገር በይኝ።

ልጅሽ


ጥር 19 ቀን

ለልጄ፤

እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔ ያሳደግኩህ ነኝና ለእኔም እንዲሁ ይበለኝ።

ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አነበብኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

«ዝም በል» ብዬ ብጽፍልህ ዕድሜህን ሙሉ «እሷ ናት ያለችኝ» ትላለህ። «ተናገር» ብልህም «እሷ ናት ያስገደደችኝ» ትላለህ። ስለዚህ አንዱንም አልጽፍም።

ያደረግኩትን ግን ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት የወንድምህን ደብዳቤ ከነፖስታው በአደራ ፖስታ ለጠበቃው ልኬያለሁ። ከመስኮቱ በስተኋላ ያለችው ልጅ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል ብላኛለች። ይህ የእኔ ደብዳቤ ግን በሚመጣ ሰው እጅ ነው፤ በሳምንት ይደርስሃል። ጠበቃው ያንን ሲከፍት «ታዲያ ማን ፈረመ?» ማለቱ አይቀርም።

በመሃሉ ሁለት ሳምንት አለህ። ደብዳቤው ሳይናገርብህ ራስህ የምትመርጥበት ጊዜ ይኑርህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ እንጂ ላስይዝህ አይደለም። ከተናገርክ መጀመሪያ ለሚስቱ። ከፍርድ ቤት በፊት፣ ከጠበቃው በፊት ለእሷ።

እወድሃለሁ። ይህ አልተቀየረም።

አክስትህ


መጋቢት 11 ቀን

ለእታለም፤

ሰላምና ጤና ላንቺ። ያንቺ ደብዳቤ ከደረሰኝ በአራተኛው ቀን ለእትዬ ነገርኳት። ከዚያ በፊት ሦስቱን ቀን በሩ ድረስ እየሄድኩ «ጨው አለ ወይ?» እያልኩ ተመለስኩ። የሦስት ቀን ጨው አከማችቻለሁ።

ልብስ ታሰጣ ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ ምንም ሳልቀባባ፣ ላንቺ በደብዳቤ እንደጻፍኩት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የትንሿን ሁለት ቀሚስና አንድ አንሶላ አሰጣች። ከዚያ ሳትዞር «ሰባት ወር ሙሉ እሱን ስረግመው ነበር» አለች። «ለምን ፈረምክ፣ ልጅህ አላሳዘነችህም ወይ እያልኩ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ነው እንዲህ ያልኩት።» ቀጥላ «ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ። እየወጣሁ «የጠበቃው ቢሮ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ስትል ሰማኋት።

ጠበቃው ሰምቶኝ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን ከተናገርክ የምከላከልልህ እኔ አይደለሁም፤ እኔ የእሷ ጠበቃ ነኝ። ገብቶሃል?» አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ተጨማሪ ምስክር ብሎ አስመዘገበኝ። በሳምንቱ የጋሼ ደብዳቤ ደረሰ።

ችሎት ቀን ቀኝ እጄን አነሳሁና ማልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ክራቫቱን መልሶ «እንግዲህ አንተ በራስህ አፍ አጭበርባሪ ነኝ እያልክ ነው። አጭበርባሪን ለምን እንመን?» አለኝ።

«ሳጭበረብር ሰው እያሳቅሁ ነው ጌታዬ» አልኩት። «አሁን የሳቀ አለ?»

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱና «የተጠየቅኸውን ብቻ» አሉኝ። ከዚያ ለጸሐፊዋ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው አሏት። «የዚያን ጠዋት እንደፈረምከው አምስት ጊዜ ፈርም።»

የጋሼን ፊርማ ታውቂያለሽ። እንደ ማንጠልጠያ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ እስኪበሳ የሚመታት ነጥብ አለች። አምስት ጊዜ ፈረምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ለዳኛው ሲወስዱት በእትዬ ፊት አለፈ፤ አየችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ወረቀቱና መዝገቡ ለምርመራ ሄዱ፤ የአንድ ሰው እጅ ነው ተባለ። ሞተሪስቱ ድጋሚ ተጠራ። በዚህኛው ቀኝ እጁን አልሳተም። «ፎርማኑ መዝገቡን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲገባ አይቻለሁ። ስላልጠየቃችሁኝ ነው ያልተናገርኩት» አለ።

ፍርዱ ትናንት ተነበበ። እኔ የገባኝን ያህል ልንገርሽ። ገመዱን መቀየር የድርጅቱ ግዴታ ነው፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ አመልክቷል፤ ድርጅቱ እያወቀ ችላ ብሏል። «መዝገብ ላይ የሚሰፍር ፊርማ፣ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ፣ የተበጠሰ ገመድ አይቀጥልም» አሉ ዳኛው። ከዕቃው ሥር የገባውም ሁለት ሰዎች ለማውጣትና ማሽኑን ለማጥፋት ስለሆነ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም አሉ። ከካሳው በእሱ ጥፋት ተብሎ የሚነሳ የለም።

ሌላ የሚነሳ ግን አለ። ጋሼ በሕይወት ቢኖር ገና ስንት ዓመት ይሠራ እንደነበር ቆጠሩ፤ በደሞዙ አባዙት፤ ከዚያ «ሟቹ ለራሱ ያወጣው የነበረ አንድ ሦስተኛ ይቀነስ» አሉ። ልነሳ ነበር። ጋሼ አንድ ሦስተኛ! ያ በአንድ ሱሪ ሁለት ዓመት የከረመ ሰው! ጠበቃው «ሕጉ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚያሰላው» ብሎ ጉልበቴን ያዘኝ። እንግዲህ ሕጉ ጋሼን አያውቀውም።

ዐቃቤ ሕግ ለሚያዝያ 6 ጠርቶኛል፤ ፎርማኑንም እንዲሁ። የት እንደምገባ አላውቅም። አትጨነቂ አልልሽም፤ መጨነቅሽ አይቀርም። እትዬ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። ትንሿን እንዳልይ ግን አልከለከለችኝም።

ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ከሳሽ፣ ግልጽ ያልሆነልሽ ነገር አለ?» አሏት። ሰው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ልትጠይቅ ነው ብሎ ጠበቀ። ጠበቃው ራሱ ወረቀቱን አዘጋጀ።

እትዬ ብድግ አለች። «መጀመሪያ ላይ ያሏትን ነገር» አለች። «እሱ ስላለመፈረሙ ያሏትን። ይድገሙልኝ።»

ጸሐፊዋ ዳኛውን አየቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም መሰለኝ። ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጠው ቀስ ብለው አነበቡላት፦ «ሟቹ ገመዱ አደገኛ መሆኑን አይቶ በዕለቱ ያልፈረመ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል።»

እሷ እስኪጨርሱ ቆማ ሰማች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ሰማሁ።

ታናሹ